የ48 ቮልቱ ክፍል

በቴሌኮም ጣቢያዎች የመሣሪያ ክፍል ውስጥ ያለው ኃይል በአብዛኛው 48 ቮልት ዲሲ ነው። በደረቅ እጅ ቢነካ ብዙውን ጊዜ አይነዝርም። ስለዚህ ሰው ይዘናጋል፤ እዚህ ቤት የሚያሰጋው ግን ከንዝረቱ ይልቅ ቃጠሎው ነው።

መብራት ሲጠፋ መሣሪያዎቹን የሚያቆዩት በተከታታይ የተያያዙ 24 የእርሳስ ባትሪ ሴሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት አላቸው። የአንዱ ሴል ውስጣዊ ሬዚስታንስ ግማሽ ሚሊኦም ነው እንበል። ከባለሙያው እጅ ያመለጠ ኪያቤ በሴሉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ላይ ከተጋደመ፣ 2 ቮልት ለግማሽ ሚሊኦም ሲካፈል 4 ሺህ አምፔር ይመጣል። የኪያቤው ብረት ራሱ ይህን ቁጥር ይቀንሰዋል፤ የሚተርፈው ግን ብረቱን ለማጋልና ለማቅለጥ ይበቃል። በዚያ መንገድ ላይ የገባ የጣት ቀለበትም ሥጋን እስከ አጥንት ሊያቃጥል ይችላል። ቀለበትና ሰዓት ሳያወልቁ፣ እጀታው ያልተሸፈነ መፍቻ ይዞ ባትሪ ላይ ማጎንበስ ድፍረት አይባልም።

ሌላው ችግር ብልጭታው ነው። 50 ኸርዝ ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ፣ ብሬከር ሲከፈት የሚነሳው ብልጭታ በየመሃሉ የመጥፋት ዕድል ያገኛል። ዲሲ ይህን ፋታ አይሰጥም፤ ብልጭታው እየተለጠጠ ይነዳል። የብየዳ እሳት ከ20 እስከ 30 ቮልት ባለው ኃይል እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው 48ን አይንቅም። ለኤሲ ብቻ የተሠራ ብሬከር በዲሲ መስመር ላይ መግጠም በፍጹም አይገባም። በዚያ ላይ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ጋዙ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላልና ክፍሉ አየር ማግኘት አለበት።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1988 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በሂንስዴል የሚገኝ የስልክ ማዕከል ተቃጠለ። መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ ልባሱ የተጎዳ የዲሲ ኬብል የአንድ ኤሲ ኬብልን የብረት ሽፋን ነክቶ ነበር። ያፈሰሰው ኃይል ፊውዙን ለመበጠስ አነሰ፤ ዙሪያውን ያለውን የኬብል ልባስ ለማቀጣጠል ግን በቃ። በሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች ለሳምንታት ስልክ አጡ። እሳት አጥፊዎች ወደ እንዲህ ዓይነት ክፍል ሲገቡ ዋናው ማብሪያ መጥፋቱን አይተው መረጋጋት የለባቸውም፤ ባትሪዎቹ ከመስመሩ እስካልተለያዩ ድረስ ኬብሉ ለሰዓታት ኃይል እንደያዘ ይቆያል። የባትሪው መለያያ የት እንዳለ በር ላይ በግልጽ መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው።