ከእጅ አንጓ የሚነበብ የልብ ትርታ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ይሁን እንጂ በጤና ረገድ ትልቁ ችግር እሳቱ ገና ሲጫር አለመታየቱ ነው። ለምሳሌ የልብ የላይኛው ክፍሎች ሥርዓት አጥተው የሚርገበገቡበት፣ በሕክምና ቋንቋ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባል ሕመም አለ። ይህ ሕመም መጣ ሄድ ይላል። ሰውየው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ልቡ ደህና ይመታ ይሆናል፤ ማታ ግን ይዛባል። በዚህ መካከል ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል።

ታዲያ ሐኪም ሌት ተቀን አጠገባችን አይቆም፣ ምን ይበጃል? ለዚህ መላ ከፈለጉት አንዱ አሜሪካዊው ተመራማሪ ኖርማን ሆልተር ነበር። በ1940ዎቹ መገባደጃ (እ.ኤ.አ.) የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በሬዲዮ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሠራ። ነገር ግን መሣሪያው በጀርባ የሚታዘል ሲሆን ክብደቱ 38 ኪሎ ያህል ነበር! ዛሬ ያንን የመሰለ ክትትል የእጅ ሰዓት ያከናውነዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሰዓቱ ሥር ያሉ ትናንሽ መብራቶች አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካሉ። ደም ይህን ብርሃን ይመጥጣል። ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ ሥር ያለው ደም ስለሚጨምር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፤ በሁለት ምት መካከል ደግሞ ከፍ ይላል። ሴንሰሩ ይህን ከፍና ዝቅ ይቆጥርና ውጤቱን ያለ ገመድ፣ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ስልክ ያስተላልፋል።

ለመሆኑ ይታመናል? በ2019 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ400,000 በላይ ሰዎች እንዲህ ያለ ሰዓት አስረው ነበር። ሰዓቱ ምታቸው መዛባቱን ያስጠነቀቃቸው ከ200 ሰው 1 ያህሉን ብቻ ነው። ከነዚህም መካከል ደረታቸው ላይ መመዝገቢያ ለጥፈው ከመለሱት ውስጥ በ34 በመቶዎቹ ላይ ሕመሙ ተገኘ። የቀሩት ሁሉ ደህና ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ ሕመሙ መጣ ሄድ ባይ ነውና። እንግዲህ ሰዓቱ ጠቋሚ እንጂ ፈራጅ አይደለም።

እኛን በቀጥታ የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። የደም ኦክሲጅን የሚለካው በቀይና ለዓይን በማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። የቆዳ ጥቁረትም ብርሃን ይመጥጣል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በሆስፒታል ጣትን ቆንጥጦ የሚይዘው መለኪያ የጥቁር ሕሙማንን የኦክሲጅን እጥረት ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ 3 እጥፍ ያህል ነበር። ስለዚህ ትንፋሽ ያጠረው ሰው «ቁጥሩ ደህና ነው» ተብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም፤ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ውድ እጩ መምህራን፣ ነገ ይህን ለተማሪ ለማስረዳት የግድ ሰዓቱ አያስፈልግም። ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ ለ60 ሴኮንድ መቁጠር ይበቃል። ዕረፍት ላይ ያለ ጤናማ አዋቂ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አመታቱ እኩል መሆኑንም አስተውሉ። ሰዓቱ ያለው ጓደኛ ከተገኘ ደግሞ ሁለቱን አስተያዩ። እስቲ ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ሞክሩት!