ሆዴን ለሚል ሰው

ከሐይቅ ባሕር ዳር እስከ ውጫሌ ገበያ ድረስ «ሆዴን አመመኝ» የሚለውን ሰው ምን ሆነህ ቢሉት «ጨጓራ ነው» ይላል። አባቶቻችን የሆድን ነገር ሁሉ ለትል ይሰጡት ነበርና በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጡ ሆዳቸውን ያጥቡ ነበር። ዛሬ ስሙ ተለወጠ እንጂ ሳይመረምሩ መፍረድ አልቀረም። እኛም በችሎት አጠገብ የምንውል ጸሐፊ ስለ ሆንን፣ ምስክር ሳይሰማ የተቆረጠ ፍርድ እንዴት እንደሚያጐድል እናውቃለን።

አንድ የአምባሰል ነጋዴ ወዳጃችን ሦስት ዓመት ሙሉ የጨጓራን አሲድ የሚቀንስ ኪኒን ሲውጡ ኖሩ። ጥቂት ሻል ይላቸዋል፤ ደግሞ ይነፋቸዋል፤ ይቆርጣቸዋል። በመጨረሻ አንድ ሐኪም በሳምንት ስንት ጊዜ ወደ ውጭ እንደሚወጡ ጠየቃቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያውም በብዙ ማማጥ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቃቸው አልነበረም፤ እሳቸውም ነውር መስሏቸው አልተናገሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጀት ተራ በተራ እየተኮማተረ ምግብን ወደ ታች ይነዳል። መንዳቱ ሲዘገይ ድርቀት፣ ሲፈጥን ተቅማጥ ይሆናል፤ የሆድ ነርቭ ከልክ ያለፈ ስሜት ሲኖረው ደግሞ ቁርጠትና መንፋት ይመጣል። በመሣሪያ ቢያዩት ቁስል አይገኝበትምና በሽተኛው «ምንም የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. በአሜሪካ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በጥይት ተመትቶ ጨጓራው ላይ የማይደፈን ቀዳዳ ቀረበት። ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት በዚያ ቀዳዳ እያየ ቁጣና ፍርሃት የጨጓራን ሥራ እንደሚያውኩ ጻፈ። እንግዲህ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ አገር ሲያልፍ ብዙ ያየ ሰው ከዚያ ወዲህ ሆዱ ቢታወክበት አስመሳይ ሊባል አይገባውም።

ሐኪሞች በ2008 ዓ.ም. በወጣው የሮም መመሪያ ይመራሉ። በዚህ ደንብ ቁጡ አንጀት የሚባለው፣ ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሚመላለስ፣ ከዓይነ ምድር መውጣት ወይም ከመልኩና ከቁጥሩ መለወጥ ጋራ የተያያዘ የሆድ ሕመም ነው። ይህን ስም ከመስጠት በፊት ግን አሜባና ጃርዲያ፣ ኤች ፓይሎሪ የተባለውም ባክቴሪያ በምርመራ ሊታዩ ይገባል። የስኳር በሽተኛ ከሆነም ጨጓራው ምግብ ለማውረድ ይዘገይ እንደ ሆነ መጠየቅ ያሻል። ሳይጾም የከሳ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያለበት፣ መዋጥ ያቃተው፣ ማስመለስ ያላቋረጠው፣ ወይም ሕመሙ ከኀምሳ ዓመት በኋላ የጀመረው ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ ሳይውል ሳያድር ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ።

ከልማዳችን ሆድ የሚያደርቀው ጥቂት አይደለም። በሐይቅ ዙሪያ የሚበቅለው ጫት አንዱ ነው። እኛም ብንሆን ነገር እየተሰማ መነሣት ስለማይቻል ሆዳችን ሲጠራን ከልክለን እንቀመጣለን፤ ደጋግመው የከለከሉት ሆድ በኋላ መጥራቱን ይተዋል። ከቁርስ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ይነሣሣልና ያን ሰዓት ለእርሱ መተው ነው። የአባቶቻችን ቁጢጥ ማለት ለዚህ የተመቸ ነበር፤ በወንበር መጸዳጃ የሚቀመጥ ሰው ከእግሩ ሥር ዝቅ ያለ በርጩማ ቢያኖር ያንኑ ያገኛል።

ለወዳጃችን የታዘዘላቸው ጠዋት ጠዋት ተልባ ከብዙ ውኃ ጋራ፣ አትክልትም ጥቂት በጥቂቱ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ዓይነ ምድርን የሚያለሰልስ ማክሮጎል ነበር። ተልባውን በአንድ ጊዜ አብዝተው መንፋቱ ባሰባቸውና ሊተዉት ነበር፤ መጠኑን ሲቀንሱ ተስማማቸው። የአሲዱን ኪኒን በሐኪሙ ምክር ትተዋል። ሒሳብ በሚዘጉበት ሳምንት ግን እስከ ዛሬም ይነፋቸዋል።