ከሞጣ ወይስ ወደ ሞጣ? ስለ እንግሊዝኛ መስተዋድድ

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ለሥራ ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ ተጓዘ እንበል። ስለዚሁ ጉዞ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር እንዲጽፉ ቢታዘዙ፥ ከሁሉ ያነሰችው ቃል ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ልታመጣ እንደምትችል ልብ ይበሉ። «ሂ ሌፍት ፎር ሞጣ» ቢሉ ሰውዬው ወደ ሞጣ ተነሣ ማለት ነው። «ፎር» ተረስታ «ሂ ሌፍት ሞጣ» ቢሉ ግን ከሞጣ ተነሣ፥ ሞጣን ለቆ ሄደ ማለት ይሆናል። ባልደረባው ገና ያልደረሰበትን ከተማ ለቆ ወጣ ተብሎ ይመዘገባል፤ የውሎ አበሉም ሒሳብ ይፋለሳል።

ይህ ስሕተት ከስንፍና የሚመጣ አይደለም፤ ምክንያቱ የሁለቱ ቋንቋዎች የጠባይ ልዩነት ነው። በአማርኛ «በ» የምትባለው አንዲት ፊደል ብዙ ሥራ ትሠራለች። በሞጣ ይኖራል፥ በአውቶቡስ ሄደ፥ በሞጣ በኩል መጣ፥ በመንገድ ላይ ነው እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ይህንኑ ሥራ ለ«ኢን»፥ ለ«ባይ»፥ ለ«ቪያ»ና ለ«ኦን» አከፋፍሎ ሰጥቶታል። ስለዚህ ፊደሏን ከመተርጐም በፊት ስለ ነገሩ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል።

አንደኛው ጥያቄ፥ ከተማው መኖሪያ ነው ወይስ የመንገድ ማረፊያ? የሚል ነው። ሰው በከተማው ውስጥ ሲኖር ወይም ሲሠራ «ኢን» ይባላል። ከተማው በጉዞ መስመር ላይ እንደ አንድ ነጥብ ሲታይ ግን «አት» ይገባል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አውቶቡስ ለጥቂት ጊዜ ቢቆም «ስቶፕድ አት ቢቸና» ይባላል፤ የከተማው ነዋሪ የሆነው ሾፌር ግን «ሊቭስ ኢን ቢቸና» ነው።

ሁለተኛው፥ ተጓዡ ሄደ ወይስ ደረሰ? ነው። «ቱ» መድረሻን ስለምታመለክት «ዌንት ቱ ሞጣ» እንላለን። «አራይቭ» ከሚለው ግሥ ጋር ግን «ቱ» አትስማማም፤ ለከተማ «አራይቭድ ኢን ሞጣ» ይባላል፤ ለአውቶቡስ መናኸሪያ ወይም ለመሥሪያ ቤት ደግሞ «አት» ይገባል። «ሪች» የሚለው ግሥ ከቶ መስተዋድድ ስለማይሻ «ሪችድ ሞጣ» ይበቃል። እንዲሁም «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ሞጣ» ማለት ሄዷል፥ ገና አልተመለሰም ሲሆን፥ «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ሞጣ» ማለት ሄዶ ተመልሷል ነው።

ሦስተኛው፥ ቦታው በውስጥ ነው ወይስ በውጭ? ነው። ሞጣ የምሥራቅ ጎጃም አንድ ክፍል ሆና በሰሜን በኩል ስለምትገኝ «ኢን ዘ ኖርዝ ኦቭ ምሥራቅ ጎጃም» ይባላል። ከቢቸና ውጭ ሆና በስተሰሜን ስለምትገኝ ግን «ቱ ዘ ኖርዝ ኦቭ ቢቸና» ይባላል። በዚህ ስፍራ «ኢን» ብንጽፍ ሞጣ የቢቸና አንድ ሰፈር ትሆናለች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ደብዳቤውን ከመፈረምዎ በፊት የጻፉትን መልሰው በአማርኛ ያንብቡት። ማን፥ ከየት፥ ወዴት እንደ ሄደና አሁን የት እንዳለ በግልጥ ከተነገረ መስተዋድዱ በስፍራው ነው። ከአራቱ አንዱ ከተጠረጠረ ግን ፊርማው ጥቂት ይቆይ።