የመዋኛ ገንዳ ሒሳብ፦ ውኃውና ኬሚካሉ የሚባክኑት የት ነው?

ወደ መዋኛ ገንዳ የቀረበ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አፍንጫን የሚሰነፍጥ ሽታ አለ። ብዙዎች ይህን የክሎሪን ሽታ ነው ይላሉ፤ ሽታው ሲበረታም «ውኃው በሚገባ ታክሟል» ብለው ይጽናናሉ። ኬሚስትሪ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። ሽታው በአብዛኛው የሚመነጨው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ ከሚፈጥራቸው ክሎራሚን ከሚባሉ ውሁዶች ነው። የሽታው መበርታት ክሎሪኑ መድከሙን እንጂ መትረፍረፉን አያመለክትም።

ይህ የተሳሳተ ግምት ብቻውን አይደለም። በመዋኛ ገንዳ አያያዝ ረገድ ውኃና ኬሚካል የሚባክኑት በአብዛኛው ሳይለኩ በግምት ከመጨመር የተነሣ ነው። በተጨማሪም ሁለቱ ብክነቶች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፤ ውኃው ሲባክን ኬሚካሉም ይባክናል፣ ኬሚካሉ ያላግባብ ሲጨመርም ዞሮ ዞሮ የሚደፋው ውኃው ነው። ይህን ትስስር በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ወርድና በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ አለ እንበል። ይህ ገንዳ 48,000 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ 2,400 ጀሪካን መሆኑ ነው። በመኖሪያ ግቢያቸው እንዲህ ያለ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም፣ ሒሳቡ ለሆቴሎችና ለመዝናኛ ሥፍራዎች ገንዳም ያገለግላል። ብዙ ሰፈሮች ውኃ በፈረቃ በሚያገኙባት ከተማ ይህን ሒሳብ ማወቅ የባለ ገንዳው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ትነት፦ የማይታየው ቀዳዳ

ከገንዳው ወለል በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ይተናል ብንል፣ ወለሉ 32 ካሬ ሜትር ስለሆነ በየቀኑ የሚጠፋው 160 ሊትር ወይም 8 ጀሪካን ነው፤ በወር 240 ጀሪካን ይደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመሠረታዊ አቅርቦት መነሻ አድርጎ ሲጠቀምበት የኖረው መጠን ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ ዓይናችን ሳያየው የሚተነው ውኃ ለስምንት ሰዎች የዕለት ፍጆታ ይበቃ ነበር ማለት ነው።

ትነት ውኃን ብቻ ሳይሆን ሙቀትንም ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን 2.45 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ስለሚወስድ፣ ለ160 ሊትር 109 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድን የእንጀራ ምጣድ ለ31 ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ያሠራል። ገንዳውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሰው ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ከዚህ መረዳት ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገንዳው ሥራ ላይ በማይሆንበት ሰዓት መሸፈን። የዩናይትድ ስቴትስ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚገልጸው፣ ሽፋን ለመተኪያ የሚጨመረውን ውኃ ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ የኬሚካል ፍጆታን ደግሞ ከ35 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ በሚሆንበት በአዲስ አበባ ትነቱ ሲመሽ ስለማይቆም፣ ሽፋኑ ለሌሊትም አስፈላጊ ነው።

ይሁንና የገንዳው ውኃ መቀነሱ ከትነት ሳይሆን ከስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ባልዲ ብቻ ይበቃል። ባልዲውን በገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጦ፣ ውስጡን ከገንዳው ውኃ ጋር እኩል እስኪሆን መሙላትና ሁለቱንም ከፍታዎች ምልክት ማድረግ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለቱ እኩል ከቀነሱ ምክንያቱ ትነት ነው፤ የገንዳው ከባልዲው በልጦ ከቀነሰ ግን ውኃው የሚያፈስበት ቦታ መፈለግ አለበት።

ፀሐይና ክሎሪን

ነፃ ክሎሪን በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይፈርሳል። ያልተሸፈነና ማረጋጊያ ያልተጨመረበት ገንዳ በብርቱ ፀሐይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብዛኛውን ክሎሪኑን ያጣል። የጨረሩ ኃይል በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ዕዳዋ ይከብዳል። ስለዚህ በእጅ የሚጨመር ክሎሪን ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ቢጨመር ሌሊቱን ሙሉ ሳይፈርስ ይሠራል።

ሌላው መከላከያ ሳያኑሪክ አሲድ የሚባለው ማረጋጊያ ነው። ይህ ውሁድ ክሎሪኑን በልል ትስስር ይዞ ከጨረር ያስጥለዋል፤ ለዚህም ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ሲበዛ ነው። ትራይክሎር የሚባለው የክሎሪን ኪኒን ለእያንዳንዱ 10 ሚሊ ግራም ክሎሪን 6 ሚሊ ግራም ገደማ ሳያኑሪክ አሲድ ወደ ውኃው ያስገባል። ፀሐይ ክሎሪኑን ስታፈርስ አሲዱ ይቀራል፤ ውኃው ሲተንም አብሮ አይተንም። በየቀኑ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን የሚጨመርበት ገንዳ በወር 36 ሚሊ ግራም፣ በሁለት ወር 72 ሚሊ ግራም ያጠራቅማል። ከመጠን ያለፈው ማረጋጊያ ክሎሪኑን ጠፍሮ ስለሚይዘው ጀርሞችን የመግደል ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ያን ጊዜ የተለመደው መፍትሔ የገንዳውን ውኃ በከፊል ደፍቶ በአዲስ መተካት ነው። ግማሹ ቢደፋ 1,200 ጀሪካን ሄደ ማለት ነው። ያላግባብ የተጨመረ ኬሚካል ውኃ ያስደፋል ያልነው ለዚህ ነው። ውኃ መተካት ግድ ከሆነ የክረምቱን ዝናብ ለማጠራቀም ማቀድ ይቻላል፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 100 ሊትር ውኃ ነውና።

ፒኤች፦ የክሎሪን ተቆጣጣሪ

ክሎሪን በውኃ ውስጥ በዋናነት በሁለት መልክ ይገኛል፤ በሃይፖክሎረስ አሲድና በሃይፖክሎራይት አዮን። ጀርምን በፍጥነት የሚገድለው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው እጅግ ደካማ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው ፒኤች ነው። ማረጋጊያ በሌለበት ውኃ፣ በፒኤች 7.2 ከነፃው ክሎሪን 70 በመቶ ያህሉ ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው፤ በ7.5 ግማሽ ያህል፣ በ8.0 ሩብ ያህል፣ በ8.5 አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ፒኤቹ 8.5 በደረሰ ገንዳ ክሎሪን ላይ ክሎሪን መደረብ ምን ይጠቅማል? ከእያንዳንዱ 10 ግራም 9ኙ ቶሎ በማይሠራው መልክ ይቀመጣል። ይባስ ብሎ በረኪናም ሆነ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ቤዛዊ ስለሆኑ በሚጨመሩበት ጊዜ ፒኤቹን ከፍ ያደርጉታል። በፏፏቴና በፍንጣቂ የሚናወጥ ውኃም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚያጣ ፒኤቹ ይጨምራል። በመሆኑም ክሎሪን ከመጨመር በፊት ፒኤችን መለካትና ማስተካከል፣ ለጌጥ የተሠራ ፏፏቴንም ሲያስፈልግ ብቻ መክፈት ኬሚካል ይቆጥባል።

የሽታው ምንጭ

ወደ ተነሣንበት ሽታ እንመለስ። በላብና በሽንት ውስጥ አሞኒያና ዩሪያ አሉ። አሞኒያ ከሃይፖክሎረስ አሲድ ጋር ሲዋሐድ ሞኖክሎራሚን ይፈጠራል፤ ሂደቱ ሲቀጥል ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን የሚያስቆጣ ትራይክሎራሚን ይመጣል። የሚያቃጥለን ይህ ነው። ለጀርም የታሰበው ክሎሪንም በዚህ ያልቃል።

ስለዚህ ርካሹ የገንዳ ኬሚካል ሳሙናና የገላ መታጠቢያ ውኃ ነው። ከመዋኘት በፊት ለአንድ ደቂቃ ብቻ ገላን መታጠብ በሰውነት ላይ ያለውን አብዛኛውን ቆሻሻ ያስወግዳል። ነፃውንና ጠቅላላውን ክሎሪን ለይቶ የሚያሳይ መመርመሪያ ያለው ሰው ደግሞ የሁለቱን ልዩነት በማየት ምን ያህሉ ወደ ክሎራሚን እንደተለወጠ ያውቃል።

ማጣሪያው መቼ ይታጠብ?

የአሸዋ ማጣሪያ የሚጸዳው ውኃ በተቃራኒ አቅጣጫ ተገፍቶበት ነው። ፓምፑ በደቂቃ 200 ሊትር የሚገፋ ከሆነ፣ ለ3 ደቂቃ ማጠብ 600 ሊትር ወይም 30 ጀሪካን ክሎሪን ያለበት ውኃ ያስወጣል። ይህን በልማድ በየሳምንቱ ማድረግ ግን አስፈላጊ አይደለም። መጠነኛ ቆሻሻ የያዘ አሸዋ የእህሎቹ ክፍተት ስለሚጠብ ገና ከታጠበው የተሻለ ያጣራል። ተገቢው ጊዜ የግፊት መለኪያው ማጣሪያው ንጹሕ ሳለ ከነበረው ከ0.5 እስከ 0.7 ባር ሲጨምር ነው።

ቁጠባና ጥንቃቄ

ቁጠባ ማለት ግን ክሎሪን መንፈግ አይደለም። የዩናይትድ ስቴትስ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለመዋኛ ገንዳ ቢያንስ በሊትር 1 ሚሊ ግራም፣ ሳያኑሪክ አሲድ ካለ ደግሞ ቢያንስ 2 ሚሊ ግራም ነፃ ክሎሪን፣ እንዲሁም ከ7.0 እስከ 7.8 የሆነ ፒኤች ይመክራል። ከዚህ በታች መውረድ ውኃውን የበሽታ ማስተላለፊያ ያደርገዋል።

አሲድና በረኪና ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል። የተለያዩ የክሎሪን ዓይነቶችም በደረቁ ሊደባለቁ አይገባም፤ እሳትና ፍንዳታ ሊያስነሡ ይችላሉ። ኬሚካል ሲበጠበጥም ኬሚካሉ ወደ ብዙ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በኬሚካሉ ላይ አይፈስም። ሽፋኑም ለሕፃናት ጥበቃ የተሠራ አጥር እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም።

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ባልዲ፣ የፒኤችና የክሎሪን መመርመሪያ፣ የግፊት መለኪያ፣ ሽፋንና የዕለቱ ልኬት የሚመዘገብበት ደብተር ይበቃሉ። በክፍል ውስጥ የምንማራቸው የአሲድና የቤዝ ሚዛን፣ የትነት ሙቀትና የፎቶኬሚስትሪ ሕጎች በአንድ ገንዳ ውስጥ በየቀኑ ይሠራሉ። ለክቶ የሚጨምር ሰው ሕጎቹን ለጥቅሙ ያውላቸዋል፤ በግምት የሚጨምር ግን ዋጋቸውን በጀሪካን ይከፍላል።