የጋራ ፕሪንተር በቢሮ ኔትወርክ፦ የ40 ዓመት ዳሰሳ

አፕል በ1985 ለገበያ ያቀረበው ሌዘርራይተር ፕሪንተር ዋጋው 6,995 ዶላር ሲሆን በደቂቃ 8 ገጽ ያትም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የዚያን ዋጋ አንድ አሥረኛ የማያወጣ የቢሮ ሌዘር ፕሪንተር በደቂቃ ከ30 ገጽ በላይ ያትማል። ዋጋው እንዲህ ሲወርድ እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን ፕሪንተር ይይዛል ብሎ መገመት ይቻል ነበር፤ ቢሮዎች ግን ዛሬም አንዱን ፕሪንተር ለብዙዎች ያጋራሉ። የተለወጠው የመጋራቱ ምክንያት ነው። ያኔ የሚያጋራው የማሽኑ ውድነት ነበር፤ ዛሬ የቶነርና የወረቀት ወጪን መቆጣጠር፣ የሰነድ ምስጢር መጠበቅና የጥገና ሥራን ማቅለል ነው። የእነዚህን ዓመታት ጉዞ ለመረዳት ሁለት ጥያቄዎችን መከተል ይበቃል፦ ገጹን ፕሪንተሩ በሚገባው መልክ የሚያዘጋጀው ማን ነው? ወረፋውንስ የሚይዘው ማን ነው?

መጋራት ከግል ፕሪንተር ይቀድማል። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል መሐንዲሱ ጋሪ ስታርክዌዘር የመጀመሪያውን ሌዘር ፕሪንተር በ1971 ሲሠሩ፣ ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ደግሞ እዚያው ማዕከል በ1973 ኢተርኔትን ጀመሩ። ሁለቱ በአንድ ቤት መወለዳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ፈጣኑ ፕሪንተር ከብዙ ኮምፒውተሮች ሥራ የሚያመጣለት ፈጣን መስመር ያስፈልገው ነበር። ዜሮክስ በ1977 ለገበያ ያወጣው 9700 በኢንች 300 ነጥብ ጥራት በደቂቃ 120 ገጽ ያትም ስለነበር ፍጥነቱ የዛሬውን የቢሮ ፕሪንተር ያስንቃል። ግዙፍ ማሽን በመሆኑ ግን የትልልቅ ድርጅቶች ንብረት ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ በ1984 እና በ1985 መካከል መጣ። የኤችፒ ሌዘርጄት በ1984 በ3,495 ዶላር ሲወጣ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር በኬብል የሚገናኝ ነበር። የነበረው ማስታወሻ 128 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን፣ በኢንች 300 ነጥብ የተሞላ የኤ4 ገጽ ግን 1 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ በውስጡ ወይም በካርትሪጅ በተጫኑለት የላቲን ፊደላት ካልሆነ ሙሉ ገጽ በዚያ ጥራት ማተም አይችልም ነበር፤ ፊደላቸው ላቲን ላልሆነ ተጠቃሚዎች፣ ለአማርኛም ጭምር፣ ይህ የተዘጋ በር ነበር። ሌዘርራይተር በሩን የከፈተው ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ በ1982 የመሠረቱት አዶቢ ባዘጋጀው ፖስትስክሪፕት ነው። ኮምፒውተሩ የገጹን ምስል በመላክ ፈንታ ገጹ እንዴት እንደሚሣል የሚናገር መመሪያ ይልካል፤ ፕሪንተሩም ራሱ ይሥለዋል። የአፕል ሎካልቶክ መስመር በሰከንድ 230 ኪሎቢት ብቻ ስለሚያስተላልፍ ያ ባለ 1 ሜጋባይት ገጽ በጥሬው ቢላክ 40 ሰከንድ ገደማ ይፈጅ ነበር፤ መመሪያው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ውድ ፕሪንተር ለብዙ ማኪንቶሾች አገለገለ፤ ዋጋውም ለብዙ ሰው ሲካፈል የሚቻል ሆነ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ወረፋው ወደ ሰርቨር ገባ። እንደ ኖቬል ኔትዌር ያሉ ሥርዓቶች የሠራተኛውን ሰነድ ተቀብለው፣ በሰርቨሩ ዲስክ ላይ አስቀምጠው፣ በተራ ያሳትሙ ነበር። በዩኒክስ ዓለም ለዓመታት የኖረው የሕትመት ወረፋ አሠራርም በ1990 በጽሑፍ ሰፍሮ ታወቀ። በ1991 ኤችፒ ጄትዳይሬክት የተባለውን የኔትወርክ ካርድ ሲያወጣ ፕሪንተሩ የኮምፒውተር ጥገኛ መሆኑ አበቃ፤ የራሱ አድራሻ ያለው የኔትወርክ አባል ሆነ። ካርዱ በ9100 በር (የኔትወርክ ፖርት) የመጣለትን ሁሉ ማንነት ሳይጠይቅ ያትም ነበር። ይህ ቅለት ለተስፋፋበት ፍጥነት ዋና ምክንያት ሲሆን፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ለታየው አደጋም ዘር ሆነ።

ለትናንሽ ቢሮዎች የደረሰው ለውጥ ግን ሌላ ነበር። በ1992 የወጣው ዊንዶውስ ፎር ወርክግሩፕስ፣ ቀጥሎም ዊንዶውስ 95፣ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር የተገናኘን ፕሪንተር ያለ ሰርቨር ለሌሎች ማጋራት አስቻሉ። ርካሽና ቀላል በመሆኑ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ይህ መንገድ ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ፕሪንተሩን የያዘው ኮምፒውተር ሲጠፋ የሁሉም ሕትመት ይቆማል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር አለመነሣቱ አንድን የሥራ ክፍል በሙሉ ሊያስቆም ይችላል። ቢሆንም ማጋራቱ ለአማርኛ ሰነድ ታላቅ ጥቅም ነበረው። ጽሑፉን በፍላሽ ዲስክ ይዞ ፕሪንተር ወዳለበት ኮምፒውተር የሚሄድ ሠራተኛ፣ እዚያ ፓወር ግዕዝ ወይም የተጠቀመበት ሌላ ፊደል ካልተጫነ፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ሆሄ ይጠብቀዋል። በኔትወርክ የሚላከው ገጽ ግን የሚዘጋጀው ፊደሉ ባለበት በራሱ በጸሐፊው ኮምፒውተር ነው። የግዕዝ ፊደል በመስከረም 1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት የዚህ ችግር መሠረታዊ መፍትሔ ተገኘ፤ አሮጌዎቹ ሰነዶች ግን እስካሁን በየቢሮው አሉ።

የ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የድራይቨር ዘመን ነው። እያንዳንዱ የፕሪንተር ሞዴል የራሱን ድራይቨር (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) ስለሚፈልግ ዊንዶውስ ሰርቨር ድራይቨሩን ለሠራተኞች ኮምፒውተሮች በራሱ ያከፋፍል ጀመር። ይህ ለአይ ቲ ባለሙያዎች እፎይታ ነበር፤ ነገር ግን በ1996ቱ ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ድራይቨሩ በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ይሠራ ስለነበር አንድ የተበላሸ ድራይቨር ሰርቨሩን በሙሉ ሊጥል ይችል ነበር። ሌላው መንገድ በ1999 ተከፈተ። አይፒፒ የተባለው የሕትመት ስምምነት የመጀመሪያ እትም በዚያ ዓመት ታትሞ ወጣ፤ በማይክል ስዊት የተጀመረው ከፕስ የተባለው ሶፍትዌርም በዚያው ዓመት ብቅ አለ። አፕል ከፕስን በ2002 በማክ ኦኤስ 10.2 ሲያስገባ፣ በ2007 ደግሞ ባለቤትነቱን ገዛ። በአይፒፒ አሠራር ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን ቀለም ይችል እንደሆነ፣ በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ ያትም እንደሆነ፣ ወረቀቱ አልቆ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ፕሪንተሩም ስለ ራሱ ይመልሳል። ስለ ማሽኑ ያለው እውቀት በድራይቨር ከመከፋፈል ወጥቶ ወደ ማሽኑ መመለስ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ግን ስልኮች ግድ ሲሉ ነው። ስልክ ላይ የየሞዴሉን ድራይቨር መጫን ስለማይመች አፕል በኅዳር 2010 ያለ ድራይቨር የሚያትመውን ኤርፕሪንት አቀረበ፤ በ2013 ሞፕሪያ የተባለው የአምራቾች ኅብረትና አይፒፒ ኤቭሪዌር የተባለው መለኪያ ተከተሉ። በዚሁ ዘመን ጉግል ወረፋውን ወደ ራሱ ሰርቨሮች የወሰደ አገልግሎት ቢያቀርብም ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ዘጋው፤ ሕትመታቸውን በእሱ ላይ የመሠረቱ ቢሮዎችም ሌላ አማራጭ ለመፈለግ ተገደዱ። የጋራ መለኪያን የያዙት ሲዘልቁ በአንድ ኩባንያ አገልግሎት ላይ የተንጠለጠሉት ተቋረጡ።

ትልቁ መታጠፊያ የመጣው ከደኅንነት በኩል ነው። በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ለመስፋፋት ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱ የዊንዶውስ የሕትመት ወረፋ አገልግሎት ነበር። በ2018 አንድ ግለሰብ ለኢንተርኔት በተጋለጠው የ9100 በር ወደ 50 ሺህ በሚጠጉ ፕሪንተሮች ያልታዘዘ መልእክት እንዳሳተመ ተዘገበ። ከሁሉ የከፋው በ2021 ክረምት የተገለጠው ፕሪንትናይትሜር ነው፤ ድራይቨርን በቀላሉ የሚያስጭነው ያው አሠራር ለአጥቂም ኮምፒውተሩን የሚያስረክብ ሆኖ ተገኘ። ማይክሮሶፍት ድጋፉ ላበቃው ዊንዶውስ 7 እንኳ ማስተካከያ አወጣ፤ በነሐሴም ድራይቨር ለመጫን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ግዴታ ሆነ። በመስከረም 2021 ከወጣው ማሻሻያ በኋላ ደግሞ በብዙ ቢሮዎች የተጋራ ፕሪንተር 0x0000011b የሚል ስሕተት እያሳየ መገናኘት አቃተው። አንዳንዶች ችግሩን ለማለፍ ማሻሻያውን ነቅለው ጣሉ፤ ሕትመቱ ቢመለስም ኮምፒውተራቸውን ለታወቀ ጥቃት ክፍት አድርገው ነበር።

ውጤቱ በመስከረም 2023 ታየ። ማይክሮሶፍት በዚያን ወቅት ባሳወቀው ዕቅድ መሠረት ከ2025 ጀምሮ አዲስ የአምራች ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት አይወጣም፤ በ2026 ዊንዶውስ የራሱን የአይፒፒ ድራይቨር ያስቀድማል፤ ከ2027 ጀምሮ ለአምራች ድራይቨሮች የሚፈቀደው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ይሆናል። የተጫኑት መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። በአይፒፒ የተጀመረው መንገድ ዋናው ጎዳና የሆነው ከ24 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬ ቢሮ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። አዲስ ፕሪንተር ሲገዛ ከፍጥነቱ በፊት ያለ ድራይቨር ማተም መቻሉ ይጠየቅ፤ የኤርፕሪንት ወይም የሞፕሪያ ምልክት ለዚህ በቂ መነሻ ነው። ከአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ጋር ከማሰር ይልቅ በቀጥታ ከኔትወርኩ ጋር ይገናኝ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ አድራሻ ሰጥቶት እንዳይጠፋ አድራሻው በቋሚነት ይያዝለት። ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል ይለወጥ፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወስደው በር ይዘጋ፤ የደመወዝና የሠራተኛ ሰነድ የሚታተምበት ማሽን ባለቤቱ መጥቶ ኮድ እስኪያስገባ ድረስ ሥራውን ይያዝ። ፕሪንተሩ ከ1991 ጀምሮ የራሱ አድራሻ፣ ማስታወሻና ክፍት በር ያለው ኮምፒውተር ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ቢሮዎች እስካሁን በቋሚ ንብረት መዝገብ ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር ብቻ ይመዘግቡታል። በስሙ የሚጠየቅለት ባለሙያና በቀን የተወሰነ የማሻሻያ መርሐ ግብር ሊኖረው ይገባል፤ ያ እስካልሆነ ድረስ ቢሮው ምንም ያህል ዘመናዊ ማሽን ቢገዛ የ2021 ችግር በሌላ ስም ሊመለስበት ይችላል።