ሁለት አውታሮች በክብ ውስጥ ሲቋራረጡ

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ጂኦሜትሪን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር የተሰናበትነው ይመስለናል። የቀረልን ቢኖር ለፈተና የሸመደድነው ደንብ ነው፤ ለምን እውነት እንደ ሆነ ብንጠየቅ ግን «መምህሩ ብሎናል» ከማለት በቀር መልስ የለንም። በሰው ቃል የታመነ ነገርና በገዛ አእምሮ የተረጋገጠ ነገር የተለያዩ ስለ ሆኑ አንድ ምሳሌ እናቅርብ።

በክብ ጠርዝ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ ቀጥተኛ መስመር አውታር ይባላል። ሀለ እና ሐመ የተባሉ አውታሮች በክቡ ውስጥ ሠ ላይ ቢቋራረጡ፥ እያንዳንዳቸው በሁለት ይከፈላሉ። የአንደኛው ሁለት ክፍሎች ብዜት ከሌላው ክፍሎች ብዜት ጋር እኩል ነው። የአንዱ ክፍሎች 3 እና 8 ሳንቲሜትር ሆነው የሌላው አንድ ክፍል 4 ቢሆን፥ የቀረው 6 መሆኑ ግድ ነው።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ሀን ከሐ፥ ለን ከመ ጋር በመስመር እናገናኝ፤ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ። ሠ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩት ማዕዘኖች እኩል ናቸው። በሀ እና በመ ያሉትም ከጠርዙ ላይ ሆነው የሚመለከቱት አንዱኑ ቅስት፥ ከሐ እስከ ለ ያለውን ስለ ሆነ እኩል ናቸው። እንግዲህ ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች በመጠን ቢለያዩም በመልክ አንድ ናቸው፤ ጎኖቻቸውም ይመጣጠናሉ። ይኸውም ሀሠ ÷ መሠ = ሐሠ ÷ ለሠ ነው፤ ስለዚህ ሀሠ × ለሠ = ሐሠ × መሠ ይሆናል።

ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በጻፈው የጂኦሜትሪ መጽሐፍ፥ በ3ኛው ክፍል 35ኛ ቁጥር ይህንኑ አስረድቷል፤ እርሱ ግን ስለ ቁጥር ብዜት ሳይሆን ከክፍሎቹ ስለሚሠሩ አራት ማዕዘኖች ስፋት ነው የተናገረው።

ይህ ለታሪክ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር፥ ከቁፋሮ የወጣ የድስት አፍ ገል እንውሰድ። የአፉን ቅስት በወረቀት ላይ በእርሳስ እንንደፍ። ጫፍና ጫፉን የሚያገናኘው አውታር 12 ሳንቲሜትር፥ ከአውታሩ መካከል ቀጥ ብሎ እስከ ቅስቱ ያለው ከፍታ 2 ሳንቲሜትር ነው እንበል። 6 በ6 ሲባዛ 36፥ ለ2 ሲካፈል 18 ይሆናል፤ ይህም በጠፋው ወገን ያለው ክፍል ነው። መስመሩ በክቡ እምብርት ስለሚያልፍ 2 ሲጨመርበት የድስቱ አፍ ሙሉ ስፋት 20 ሳንቲሜትር መሆኑ ይታወቃል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ከፍታውን 1.8 ብለን ብንለካው ስፋቱ 21.8 ይሆንብናል። የ2 ሚሊሜትር ስሕተት ወደ 2 ሳንቲሜትር ገደማ አደገ ማለት ነው። ገሉ ባነሰ መጠን አደጋው ይብሳል። ደንቡን በቃሉ ብቻ የያዘ ሰው በውጤቱ ይታመናል፤ ምክንያቱን የተረዳ ግን የት ላይ መጠራጠር እንዳለበትም ያውቃል። ትምህርት ብለን የምንፈልገው ይህንን አይደለምን?