ቤት ሲታደስ ለባለቤቱ የሚቆመው ማን ነው?

የቡሬ የበቆሎ ነጋዴ ጆንያ ሲረከብ ላዩን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። ከመሃል ዘግኖ ያያል፤ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ እርጥበቱን ይለካል፤ ሚዛኑንም ራሱ ይቆጣጠራል። ይኸው ሰው ቤቱን ሊያሳድስ ሲነሣ ግን ዋጋውንም፣ ልኬቱንም፣ የዕቃ ግዥውንም ለአንድ ግንበኛ ይተዋል። ሠሪው፣ ለኪውና ዋጋ ተማኙ አንድ ሰው ሲሆን ኪሳራው የማን እንደሚሆን ለነጋዴ መንገር አያሻም።

ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ የማያውቅበት ገበያ እንዴት እንደሚበላሽ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሮጌ መኪና ምሳሌ አሳይተዋል። በዚህ ዘርፍ ባደረጉት ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። የቤት ዕድሳት ከመኪናው የባሰ ነው፤ ጉድለቱን ልስን ይሸፍነዋልና።

ከልስኑ ሥር

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ካሉት ነባር ቤቶች ብዙዎቹ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። ባለቤቱ የሚፈልገው ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ቤቱ ለኪራይ እንዲያምር ነው። ይሁን እንጂ የምሰሶው እግር በምስጥና በእርጥበት ተበልቶ ከሆነ ልስኑ ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ጭቃ ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ ሲኮማተር ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም። ይሰነጠቅና በስንጥቁ ውኃ ይገባል። ይህን አስቀድሞ መናገር ግን ለስኖ ለሚከፈለው ሰው ጥቅሙ አይደለም።

በዕቃውም በኩል እንዲሁ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝን ይገባል። ውፍረቱ በእውነት 11 ሚሊ ሜትር ቢሆን ክብደቱ ወደ 8.95 ኪሎ ግራም ይወርዳል። በዓይን የማይታየው የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት 16 በመቶ ብረት ያጎድላል፤ በ100 ቤርጋ ሲሰላ 171 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ቆርቆሮም ቢሆን የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ይሳሳል፤ የ28 ጌጅ ዋጋ ከፍሎ 32 ጌጅ መረከብ ኪሳራ ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉና ብርም በመርከሱ፣ በውጭ ምንዛሪ ለሚገቡ ብረትና የማጠናቀቂያ ዕቃዎች ስህተት ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ያስከፍላል።

የባለቤት ወኪል

መፍትሔው ለባለቤቱ ብቻ የሚቆም ባለሙያ መቅጠር ነው። ይህ ሰው መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው ፎርማን ሊሆን ይችላል። ከውል በፊት ቤቱን ይመረምራል፤ የሥራውን ዝርዝርና ልኬት ያወጣል፤ ቢያንስ የሦስት ግንበኞችን ዋጋ ያወዳድራል። ሥራው ሲጀመር ፌሮው ሲመዘን፣ ኮንክሪቱ ሲቦካ፣ ከዚያም በውኃ ሲጠጣ ይገኛል። ክፍያ የሚለቀቀው እርሱ ለክቶ ሲያረጋግጥ ነው።

በገጠሩ ይህን ሥራ በከፊል ጎረቤት ይሠራዋል። በደቦና በወንፈል ቤት ሲቆም እንጨቱን ሁሉም ያየዋል፤ ያልጸናውንም ይነቅለዋል። ቤቱን በፍኖተ ሰላም ትቶ አዲስ አበባ ለሚነግድ ሰው ግን እንዲህ ያለ ዓይን የለውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሄዶ ማየትም አልተቻለም። ሥራውን ለዘመድ አደራ መስጠት የተለመደ ነው። ዘመድ ግን ታማኝ ቢሆንም ፌሮና ጌጅ ላይለይ ይችላል፤ ግንበኛውን መቆጣጠርም ይሉኝታ ይይዘዋል።

ሕጉስ?

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። በዚያ አዋጅ በአነስተኛው ምድብ የሚጠየቀው ባለሙያ ከትልልቆቹ ያነሰ ስለነበር፣ የተራ መኖሪያ ቤት ባለቤት ጠባቂውን ራሱ መፈለግ ነበረበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ጥራትና ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ሆኖም በቃል ብቻ የተዋዋለ ሰው ማን ምን እንደሠራ በፍርድ ቤት ማስረዳት ይከብደዋል። የወኪሉ የልኬት መዝገብ አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

አከፋፈሉ

ወኪሉ ከወጪው በመቶኛ ከተከፈለው ወጪው ሲያድግ እርሱም ያተርፋል። ስለዚህ ቁርጥ ዋጋ ወይም የጉብኝት ቀን ክፍያ ይሻላል። ለምሳሌ 800 ሺሕ ብር በሚፈጅ ዕድሳት ለወኪሉ በቁርጥ 40 ሺሕ ብር ቢከፈል ከወጪው 5 በመቶ መሆኑ ነው። ከዕቃና ከሥራ ከ5 በመቶ በላይ ካዳነ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። ከግንበኛው ጋር ዝምድና፣ ከዕቃ መደብሩም ኮሚሽን እንደሌለው በውሉ ይጻፍ። ኮሚሽን የሚቀበል ወኪል ሁለተኛ ግንበኛ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የወኪል ገንዘብ የሚወጣው ልስኑ ከመመታቱ በፊት ነው። ከተሰነጠቀ በኋላ የሚጠራው ባለሙያ ኪሳራውን ከመቁጠር በቀር የሚያድነው ጥቂት ነው።